የጌዴኦን ትምህርት ቤቶች ማን ከፈለላቸው? ውጤታቸውንስ ማን አየ?

በ1940 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ዛሬም ቢነበብ የሚገርም ሐሳብ ይዟል። አዋጁ "የትምህርት ግብር" የሚባል አዲስ ግብር ደነገገ። መሬት ያለው ሰው ከመሬት ግብሩ ጎን ለትምህርት የሚሆን ገንዘብ ይከፍላል፤ ገንዘቡ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ይውላል፤ አወጣጡን ደግሞ በየአካባቢው የሚቋቋም የትምህርት ቦርድ ይከታተላል። ጣሊያን ከወጣ ሰባት ዓመት እንኳ ባልሞላበት ጊዜ፣ "የአካባቢው ገንዘብ ለአካባቢው ልጅ" የሚል ሕግ በወረቀት ላይ ነበረን ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሰማንያ ዓመት ሊጠጋ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያንን ሐሳብ ይዘን ወደ አንድ ቦታ እንወርዳለን፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ወዳለችው ዲላና በዙሪያዋ ወዳለው ጌዴኦ። ጌዴኦን የመረጥኩት ትንሽ ስለሆነ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ 847,434 ሰው ነበረው፣ ስፋቱ ግን 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አካፍሉት፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ገጠሬ ነው፤ በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሄክታር ባነሰ መሬት ላይ የሚኖር። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ትምህርት ቤት ለመሥራት ሜዳ መፈለግ ራሱ የምህንድስና ፈተና ነው፤ ሜዳው የአንድ ቤተሰብ የእንሰት ጓሮ ነዋ።

የሠለጠንኩት በምህንድስና ስለሆነ ነገሮችን የማየው በዚያው መነጽር ነው፣ ታገሡኝ። ቤታችሁ ያለው ፍሪጅ በውስጡ ቴርሞስታት አለው። ሙቀቱን ይለካል፣ ሲበዛ ሞተሩን ያስነሣል፣ ሲቀዘቅዝ ያጠፋል። ውጤቱ ተመልሶ ትእዛዙን ያስተካክላል፤ እኛ ይህን ዝግ ዑደት እንለዋለን። ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን እንዲህ አይደለም። ሰካችሁት፣ ይግላል። ወጡ አረረም አላረረም እሱ አያውቅም። ይህ ክፍት ዑደት ነው።

የትምህርት አስተዳደር ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ገንዘቡን የከፈለው፣ ውሳኔውን የሰጠውና የልጁን ውጤት ያየው አካል ይገናኛሉ ወይ? ጌዴኦ ውስጥ ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡበትን ዘመን ፈልጌ ማግኘት ከብዶኛል።

መሬቱ ተለካ፣ ቡናው አልተለካም

ወደ 1940ው እንመለስ። ዲላ ያኔ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር፣ በጊዜው አጠራር "ደራሳ" በሚባለው አውራጃ ውስጥ ነበረች። የትምህርት ግብሩ የተመሠረተው በመሬት ላይ ነው፤ መሬቱም ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ በደረጃ ይከፈላል። ጌዴኦን ሀብታም ያደረገው ግን መሬቱ ላይ የበቀለው ቡና ነው። በ1940ዎቹ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወጣ አንድ ጋሻ መሬት የሚያስገኘው ገቢ አብሮ ይጨምራል፣ የትምህርት ግብሩ ግን ባለበት ይቆማል። ከቡናው የሚገኘው የውጭ ንግድ ቀረጥ ደግሞ በቀጥታ ወደ ማዕከላዊው ግምጃ ቤት ይገባል። ባጭሩ፣ እያደገ የሚሄደው ገቢ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፣ የማያድገው ለአካባቢው ትምህርት ቤት ቀረ።

ሌላም ነገር አለ። በሕጉ መሠረት ግብር ከፋዩ ባለመሬቱ ነው። በደቡብ ግን መሬቱ በአብዛኛው ከአራሹ እጅ ወጥቶ ነበር፤ ቀላድ ተጥሎ፣ ተለክቶ፣ ለሹማምንትና ለወታደሮች ተከፋፍሎ። ባለመሬቱ የተጣለበትን ግብር ወደ ጭሰኛው ማውረድ ልማዱ ነበር። ስለዚህ ለትምህርት የተባለው ሸክም ያረፈው ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ በማያውቅ ገበሬ ጫንቃ ላይ ነው። ትምህርት ቤቶቹ የተከፈቱት በመጀመሪያ በመኪና መንገዱ ዳር ባሉ ከተሞች ነው፤ ዲላ፣ ወናጎ፣ ይርጋ ጨፌ። የሚማሩባቸውም በብዛት የከተሜውና የባለሥልጣኑ ልጆች ነበሩ። ከመንገዱ ርቆ ባለው ገጠር ፊደል የቆጠረ ካለ ብዙውን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የተገኘ ነው።

ቦርዱስ? ቦርዱ የሹማምንትና የታወቁ ሰዎች ስብስብ እንጂ ገበሬው መርጦ ያስቀመጠው አልነበረም። እንግዲህ ዑደቱን ሳሉት። ከፋዩ ጭሰኛ፣ ወሳኙ ሹም፣ ተጠቃሚው የከተማ ልጅ። ከፋዩ "ገንዘቤ የት ገባ?" የሚልበት መስመር የለም። ገበሬው ቅሬታውን ሲያሰማ የታየው በሌላ መንገድ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ባለመሬቶች ከምርቱ የሚወስዱትን ድርሻ በመቃወም ሚችሌ ላይ ተነሣ፣ በኃይልም ተመታ። ያ አመፅ ስለ ትምህርት አልነበረም። ግን ለአንድ የግብር ሥርዓት ድምፅ የሚያስተላልፍ ቦይ ካልተሠራለት ድምፁ በየት እንደሚወጣ ያሳየናል።

በጠቅላይ ግዛቶች መካከል የነበረው ልዩነትም የሚጠበቅ ነበር። ኤርትራና ሸዋ በትምህርት ቤት ቁጥር ቀድመው ሄዱ፣ ሰፊ ሕዝብ ያለው ሲዳሞ ወደ ኋላ ቀረ። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው "የትምህርት ዘርፍ ግምገማ" ይህንን ለማስተካከል አጭር መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ ይዳረስ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በምሁራንና በባለሙያዎች ዝግ ስብሰባ ተዘጋጅቶ በ1966 ይፋ ሲወጣ መምህራኑ አድማ መቱ፣ ወላጆችና ተማሪዎች አብረው ወጡ፣ የካቲትም መጣ። ሰነዱ ውስጥ የነበረው ሐሳብ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ለእኛ ጉዳይ የሚሆነው፣ ጥናቱ ሲጠና ማንም መምህሩንና ወላጁን አለመጠየቁ ነው።

ሕዝቡ ሲያስተዳድር

ደርግ ከአብዮቱ ሁለት ዓመት በኋላ ባወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ይተዳደሩ፣ ሕዝቡም ይቆጣጠራቸው አለ። የትምህርት ቤት ኮሚቴዎች ተቋቋሙ፤ የገበሬ ማኅበር፣ የቀበሌ፣ የወጣቶችና የሴቶች ማኅበር ተወካዮች ገቡባቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የጌዴኦ ገበሬ ስለ ትምህርት ቤት በሚነጋገር ስብሰባ ላይ በስሙ ተጠርቶ ወንበር ያዘ። ይህንን አቅልሎ ማየት አይገባም። ገጠር ውስጥ በጉልበትና በመዋጮ፣ በጭቃና በቆርቆሮ የተሠሩት ብዙ ክፍሎች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

ነገር ግን ኮሚቴው የሚወስነው ምን ነበር? እንጨት ማን ያምጣ፣ ቆርቆሮ በስንት ይገዛ፣ አጥሩ መቼ ይታጠር። መምህር የሚመድበው፣ መጽሐፍ የሚያትመው፣ ፈተና የሚያወጣው መንግሥት ነው። ከስብሰባው አናት ላይ ደግሞ ካድሬው አለ። ሕዝቡ መዋጮውን ያውቃል፣ ትእዛዙ ግን ከላይ ይወርዳል።

የዚያ ዘመን ትልቁ ሥራ ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርቱን በ15 ቋንቋዎች ሰጠ፤ ከ15ቱ አንዱ የጌዴኦ ቋንቋ ነበር። ያስተማሩት በግዕዝ ፊደል ነው። በመደበኛው ትምህርት ቤት ግን ልጁ የሚማረው በአማርኛ ነው። እናት ማታ በጌዴኦኛ "ሀ ሁ" ትቆጥራለች፣ ልጅ ጠዋት በአማርኛ ይቆጥራል።

ከ1983 በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ አለ፣ ጌዴኦኛም (በራሱ ስም ጌዴኡፋ) ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ገባ። የገባው ግን በላቲን ፊደል ነው። የቋንቋ ባለሙያዎች ለላቲኑ የሚያቀርቡት ምክንያት አላቸው፤ የሚጠብቁ ድምፆችንና ረጃጅም አናባቢዎችን ለመለየት ይመቻል ይላሉ፣ እውነት ነው። ውጤቱን ግን ከወላጅ በኩል እዩት። በዘመቻው በግዕዝ ፊደል ማንበብ የተማረችው እናት ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የልጇን የጌዴኦኛ ደብተር ብትከፍት በገዛ ቋንቋዋ የተጻፈውን ማንበብ አትችልም። የልጁን ትምህርት ሊከታተል ይችል የነበረው በጣም ርካሹና በጣም ቅርቡ መቆጣጠሪያ እናቱ ነበረች። ያ መስመር ተቆረጠ። በዚህ ላይ ብዙ ሲባል አልሰማሁም፣ ሊባል የሚገባ ይመስለኛል።

50 ብር በልጅ

አሁን ወደ ገንዘቡ፤ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ነው።

በ1995 ዓ.ም. ደቡብን ጨምሮ አራቱ ትልልቅ ክልሎች ለወረዳ ጥቅል በጀት መስጠት ጀመሩ። ከዚያ በፊት የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከላይ የተቆረጠለትን ያወጣል፤ ከዚያ ወዲህ የወረዳው ምክር ቤት አንድ ጥቅል ገንዘብ ተሰጥቶት ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለግብርና ይህን ያህል ብሎ ራሱ ይደለድላል። ወናጎ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ኮቸሬ፣ ቡሌ በየራሳቸው ወሳኝ ሆኑ፤ ዲላ ከተማ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ገቢ ስላላት ትንሽ ትርፍ መተንፈሻ አላት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ አውጥቶ ነበር። የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ ወላጅ መምህር ኅብረት (ሁላችንም "ወመህ" የምንለው) ሥልጣናቸው እዚያ ተጽፏል። በወረቀት ላይ ከ1940ው ቦርድ ወዲህ ለሕዝቡ እንዲህ የቀረበ አወቃቀር አልነበረም።

ታዲያ ወረዳው በእርግጥ የሚወስነው ስንቱን ነው? ከወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። መምህሩ ተቀጥሯል፣ ደመወዙ በሀገር አቀፍ እርከን ተተምኗል፣ ወረዳው ይከፍላል። ይህ ከተነሣ በኋላ ለጠመኔ፣ ለወረቀት፣ ለጥገና፣ ለጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር ውሎ አበል የሚቀረው ፍርፋሪ ነው። ምክር ቤቱ በሙሉ ሥልጣኑ የሚከራከረው በዚያ ፍርፋሪ ላይ ነው። የደመወዙም ምንጭ ቢሆን የአካባቢው ገቢ አይደለም፤ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ የሚወርድ ድጎማ ነው። ከ1998 ጀምሮ ደግሞ መሠረታዊ አገልግሎቶችን ለመጠበቅ በሚል መርሐ ግብር የውጭ ለጋሾች ገንዘብ በዚሁ ቧንቧ ገብቷል። የ1940ውን ችግር ገልብጣችሁ እዩት። ያኔ ገበሬው ከፍሎ አይማርም ነበር። አሁን ልጁ ይማራል፣ የከፈለው ግን የሚያውቀው ሰው አይደለም። ከሩቅ በመጣ ገንዘብ ላይ "የት ገባ?" ብሎ የሚሟገት ሰው ጥቂት ነው።

ትምህርት ቤቶች በቀጥታ በእጃቸው የሚገባ ገንዘብ ያገኙት ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ፣ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ሲመጣ ነው። ለታችኞቹ ክፍሎች በአንድ ተማሪ በዓመት 50 ብር ገደማ ነበር። ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ ሺህ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት በዓመት 50,000 ብር ያገኛል። በአሥር የትምህርት ወራት ስናካፍለው ለአንድ ልጅ በወር 5 ብር ነው። በ5 ብር ትምህርት አይሻሻልም የሚል ካለ ልክ ነው። ሆኖም ይህ ገንዘብ ርእሰ መምህሩና ወመህ ተቀምጠው የሚወስኑበት ነበርና መጠኑ ከሚያሳየው በላይ ዋጋ ነበረው። ጣሪያ ሲያፈስ ወረዳ ድረስ ደብዳቤ ሳይጻጻፉ ቆርቆሮ መግዛት ተቻለ።

የጌዴኦ ልዩ ሀብት ደግሞ እንደ ድሮው ቡናው ነው። በ1994 ዓ.ም. የይርጋ ጨፌ ቡና አብቃይ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሲቋቋም የዓለም የቡና ዋጋ ወድቆ ነበር። ዩኒየኑ በፌር ትሬድ ገበያ ከሚያገኘው ተጨማሪ ክፍያ ከፊሉን መሠረታዊ ማኅበራቱ ለትምህርት ቤት ግንባታ አውለውታል። ለእኔ ይህ በጠቅላላው ታሪክ ውስጥ ለዝግ ዑደት በጣም የቀረበው ቁራጭ ነው። ገበሬው ቡናውን ሸጠ፣ ማኅበሩ ተሰብስቦ ክፍል ይሠራ አለ፣ ክፍሉ መሠራት አለመሠራቱን በመንገዱ ሲያልፍ ያያል። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ማኅበሩ ግድግዳ ያቆማል እንጂ መምህር አይቀጥርም፣ ልጁ ማንበብ መቻሉንም አይለካም።

ቡናው ሌላም ነገር ያደርጋል። የቡና ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥና ጥር ነው፣ የትምህርት ዓመቱ አንደኛ መንፈቅ በትክክል የሚውልበት። ቀይ ፍሬ አይጠብቅም፤ ካልተለቀመ ይደርቃል ወይም ይረግፋል። የቤተሰቡ የዓመት ጥሬ ገንዘብ በእነዚህ ሳምንታት ስለሚገኝ ልጅ ለቅርጫት ይፈለጋል። የትምህርት ካላንደሩ ከላይ ሲወሰን የጤፍ አገርም የቡና አገርም አንድ ተደርጎ ነው።

ያልተለካ ቋንቋ

እስካሁን ስለ ገንዘብና ስለ ወንበር ነው ያወራነው። ልጁስ ምን ተማረ?

በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ትልቅ የማንበብ ችሎታ ምዘና ተደረገ። በስድስት ቋንቋዎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች አጭር ጽሑፍ ተሰጥቷቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡ ተጠየቁ። ከጌዴኦ ጋር በምትዋሰነው ሲዳማ ከ2ኛ ክፍል ልጆች 69 በመቶው ከጽሑፉ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። በገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ ሁለት ዓመት ከተማሩ በኋላ። ውጤቱ አስደነገጠና አዲስ ሥርዓተ ትምህርት፣ አዲስ መጻሕፍት፣ የመምህራን ሥልጠና ተከተለ። ይህ ቀጣዩ ሥራ ሰባት ቋንቋዎችን ያዘ፤ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ሀዲይኛ። ጌዴኦኛ በምዘናውም ውስጥ የለም፣ በማሻሻያውም ውስጥ የለም።

ለምን ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ ገንዘብ የተወሰነ ነው፣ ብዙ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ይቀድማል። ክፋት የለበትም። ነገር ግን ቴርሞሜትር ያልገባበት ክፍል ትኩሳት የለበትም ተብሎ ይታለፋል። የሲዳማ 69 በመቶ አሳፋሪ ቁጥር ነው፣ ግን ገንዘብና ትኩረት አምጥቷል። ጌዴኦ አሳፋሪ ቁጥር እንኳ አልደረሰውም።

ከዚያ በላይ ያሉትን ክፍሎች ስናይ በቀድሞው ደቡብ ክልል ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። አራት ዓመት በጌዴኦኛ፣ ከዚያ ሳይንስ በእንግሊዝኛ። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ ፕላዝማው ጠበቀው። ታስታውሳላችሁ አይደል? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይለቀቅ ነበር። ክፍት ዑደት ለሚለው ቃል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በሕይወቴ አላገኘሁም። የፕላዝማዋ መምህርት "አሁን ጥያቄውን ሥሩ" ትላለች፣ ሰከንዶች ትቆጥራለች፣ "ጥሩ ነው!" ብላ ታልፋለች። መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ጨለማ ቢሆንም "ጥሩ ነው!" ትላለች።

የዚህ ሁሉ ድምር በአንድ ቀን የታየው በጥር 2015 ነው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ በጥብቅ ቁጥጥር ተሰጠ። በሀገር ደረጃ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ሆኑ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት ያላሳለፉት 1,328 ሆኑ፤ በ2016 የማለፍ መጠኑ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። ብዙ ሰው ሲከራከር የሰማሁት "ተማሪው ሰነፈ ወይስ ፈተናው ከበደ?" በሚል ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች 12 ዓመት ሙሉ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፉ በየዓመቱ ሪፖርት ካርድ ተሰጥቷቸዋል፣ ወላጅ ፈርሟል፣ ርእሰ መምህር ማኅተም መትቷል፣ ወረዳው ሪፖርቱን ለዞን መምሪያ ልኳል። በዚያ ሁሉ መስመር ላይ ያለው መለኪያ "ደህና ነው" ሲል ነበር።

ቀመሩ የማያያቸው ልጆች

ከሚያዝያ 2010 ጀምሮ፣ በሰኔ ደግሞ በባሰ ሁኔታ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በሁለቱ ዞኖች አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። ከጉጂ በኩል የሸሹት ጌዴኦዎች ወደ ገደብ፣ ኮቸሬ፣ ይርጋ ጨፌና ዲላ ጎረፉ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ቤተሰብ የሚተኛው ልጅ በሚማርበት ወለል ላይ ነው። የሰብአዊነቱን ጉዳይ ብዙዎች ጽፈውበታል። እኔ አንዲት ቴክኒካዊ ነጥብ ልጨምር። የፌዴራል ድጎማ ቀመር የሚያጸድቀው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ የቀመሩም ዋነኛ ግብዓት የሕዝብ ቁጥር ነው። የሕዝብ ቁጥሩ የሚመነጨው ከ1999ኙ ቆጠራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የታቀደው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። እንግዲህ በ2010 ኮቸሬ ውስጥ በአንድ ጠባብ ክፍል የታጨቀው ልጅ በቀመሩ ዓይን ጉጂ ውስጥ፣ ኦሮሚያ ክልል ሥር ነው ያለው። ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ የሚለው መለኪያ እንዲህ ባለ ቦታ ቀልድ ይሆናል።

በነሐሴ 2015 ጌዴኦ ከሌሎች ዞኖች ጋር ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲገባ አዲስ ቢሮ፣ አዲስ የበጀት ድልድል መጣ። በዚያው ሰሞን በቀድሞው ደቡብ ክልል አንዳንድ አካባቢዎች፣ ወላይታና ሀዲያን ጨምሮ፣ መምህራን ደመወዝ በወቅቱ አልተከፈለንም ብለው ሥራ ማቆም ድረስ ሄዱ፤ አንዱ ምክንያት የወረዳዎቹ የማዳበሪያ ዕዳ ከበጀታቸው መቆረጡ ነበር። ወረዳ በራሱ ይወስን ተብሎ የተሰጠው ጥቅል በጀት ማለት ይህም ነው። የገበሬው የማዳበሪያ ዕዳና የ3ኛ ክፍል መምህሩ ደመወዝ የሚወጡት ከአንድ ኪስ ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ኡጋንዳን እንይ። ሪትቫ ራይኒካና ያኮብ ስቬንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተላከውን የነፍስ ወከፍ ገንዘብ ከላይ እስከ ታች ተከትለው መዝገብ ለመዝገብ አመሳከሩት። ከመቶ ሽልንግ ትምህርት ቤት የደረሰው በአማካይ 13 ብቻ ነበር። መንግሥት ለየወረዳው የተላከውን መጠን በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፣ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በር ላይ እንዲለጥፉ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2001 ድርሻው ከ80 በመቶ አለፈ። በዚያው ጊዜ ሌሎች የፋይናንስ ማሻሻያዎችም ስለነበሩ ጋዜጣው ብቻውን ምን ያህል እንደሠራ ምሁራን አሁንም ይከራከራሉ፤ ክርክራቸውም ተገቢ ነው። ቢሆንም መንደሩ በየትኛው ቀን ስንት እንደተላከ ማወቁ ለውጥ ማምጣቱን ብዙ ሰው አይክድም።

እኛም ሞክረነዋል። ቅድም ባነሣሁት የመሠረታዊ አገልግሎቶች መርሐ ግብር የወረዳ በጀት በሰሌዳ እየተጻፈ በአደባባይ ይለጠፍ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ያንን ሠንጠረዥ አይታችሁት ታውቁ ይሆናል። ሰሌዳው ላይ "ትምህርት" በሚለው መስመር አንድ ትልቅ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር የትኛው ትምህርት ቤት ምን ደረሰው፣ እዚያ ያሉ ልጆችስ ማንበብ ቻሉ ወይ የሚለውን አይነግርም። በጀት ለብቻው ተለጠፈ፣ ውጤት ለብቻው በቴሌቪዥን ተነገረ።

ጊዜውም አይገጥምም። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ የወረዳ ምክር ቤቶች ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተሰብስበው ያጸድቃሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሐምሌ ላይ ይሰጣል፣ ውጤቱ የሚወጣው ጳጉሜን ወይም መስከረም ላይ ነው። የይርጋ ጨፌ ወይም የቡሌ ምክር ቤት አባል እጁን አውጥቶ የትምህርት በጀቱን ሲያጸድቅ የዚያ ዓመት ውጤት ገና አልመጣም። ውጤቱ ሲመጣ በጀቱ ተደልድሏል፣ መምህራኑ ተመድበዋል። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ጥቅምት ይገባና ቡናው መቅላት ይጀምራል።